ድሬ ላይ ሬዚን አይቸኮልበትም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ጽሑፍ ላከልኝ። «ያንተ ነገር ነው፣ አንብበው» አለኝ። ርዕሱ «ፋይበር ግላስ በቤትዎ፦ በአንድ ቀን ያለቀ» ይላል። አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ሳቅሁ፣ አንድ ጊዜ ደነገጥኩ። የደነገጥኩበትን ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ነው። የባጃጅ ወይም የመኪና ዕቃ ሲሰበርባችሁ ከላዩ ላይ ሞልድ፣ ማለትም የቅርጹን ማውጫ፣ አውጡና በፋይበር ግላስ፣ ማለትም ሬዚን በሚባል ፈሳሽ በራሰ የመስታወት ክር፣ ራሳችሁ ሥሩት። ኦርጅናል ከሌላችሁ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም ቅረጹ። እንዳይጣበቅ ቫዝሊን ወይም የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር፣ ማለትም የሬዚኑን ማጠንከሪያ፣ ጨመር አድርጉ። እንደ ድሬዳዋ ያለ ሞቃት ከተማ የምትኖሩ ደግሞ እድለኞች ናችሁ፣ ፀሐይ ላይ አውጡት። አቧራ እንዳያርፍበት በርና መስኮት ዝጉ፣ ማስክ አድርጉ። ማታ ከሞልዱ አላቁት። ከብረት ይጠነክራል፣ ከመግዛትም ሁሌ ይረክሳል።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት ባትላሜራ ቤት ላሜራ እየቀጠቀጥኩ ነው። ፋይበር ውስጥ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የምሠራው ሳቢያን ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ በኩል ባለች ዳስ ሥር። ስለዚህ ወንድማችን «ቤት ውስጥ ይቻላል» ማለቱን አልቃወምም። ይቻላል። ጠቡ ያለው «እንዴት» የሚለው ላይ ነው።

ለማያውቁት አንድ ነገር ላስቀድም። ሥራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሞዴሉ አለ፦ የምትፈልጉትን ዕቃ ቅርጽ የያዘ ነገር። ከሞዴሉ ላይ ሞልድ ይወጣል፣ ልክ እንደ ብሎኬት ማምረቻው ፎርም። ከሞልዱ ውስጥ ደግሞ ዕቃው ይወጣል። ሞዴሉ ላይ ያለ ጭረት ሞልዱ ላይ ይገለበጣል፣ ከሞልዱ ደግሞ ወደ ዕቃው ሁሉ ይሄዳል። አንድ ቀን የሰነፋችሁበትን ነገር ሃያ ጊዜ ታዩታላችሁ።

አሁን «እድለኞች ናችሁ» ወደሚለው ልግባ።

ሬዚን እንደ ቀለም አይደርቅም። ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ቲነር ሲተን ነው። ሬዚን ግን ሃርድነር ሲገባበት ውስጥ ለውስጥ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሲያያዝም ሙቀት ያወጣል። ያ ሙቀት መያያዙን ያፋጥነዋል። ሲፋጠን የባሰ ይሞቃል። እንግዲህ ይህ ሁሉ አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ሲሆን አንድ ነገር ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ስትል ሌላ ነገር ነው። በልምድ የሚታወቀው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚኑ የሚሰጣችሁ ጊዜ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ነው። በ25 ዲግሪ 20 ደቂቃ የሚያሠራ ሬዚን በ35 ዲግሪ 10 ደቂቃ ቢሰጣችሁ ነው። ሃርድነር ከጨመራችሁበት እሱንም አታገኙትም።

የመጀመሪያ ሙከራዬን ልንገራችሁ። ግንቦት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አገር ሁሉ ተኝቷል፣ እኔ አልተኛሁም። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ሬዚን በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ቀዳሁ። ሃርድነሩን በክዳን ሰፈርኩ፣ በግምት። አንድ ክዳን። ደግሞ አንድ። «ለማንኛውም» ብዬ ግማሽ ጨመርኩ። ብሩሽ ልፈልግ ዞር ብዬ ስመለስ ሬዚኑ ብሩሹን አላስገባም አለኝ። ቅድም ማር ይመስል የነበረው ገንፎ ሆኗል። ሃይላንዱን ሳነሳው እጄን ፈጀኝ። መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ወገቡ ላይ ተጨማደደ፣ እንደ ሽማግሌ ጎበጠ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘመመ። ነጭ ጭስ ከላዩ መውጣት ጀመረ፤ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። በመጨረሻ መሃሉ ላይ «ቋ!» ብሎ ተሰነጠቀ። እናቴ ከማድቤት ወጥታ «አንተ! ቤቱን ልታቃጥልብኝ ነው?» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ሃርድነር በዓይን እንደማይሰፈር ነው። ለተለመደው ፖሊስተር ሬዚን መጠኑ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ድሬ ላይ እኔ ከ1 በመቶ ብዙም አልወጣም። ለግማሽ ኪሎ ሬዚን 5 ግራም ማለት ነው፤ በሲሪንጅ ቢለካ 4 ነጥብ 5 ሚሊ ገደማ። ሲሪንጁን ከፋርማሲ ግዙ፣ መርፌውን ጣሉት። ሬዚኑን ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ሁለቱ ዕቃዎች ብዙ አያወጡም፣ እኔን ግን በዓመት ስንት ሬዚን እንዳዳኑልኝ አልቆጥረውም።

«እንግዲያው ግማሽ በመቶ አድርጌ በደንብ ጊዜ አገኛለሁ» የሚል ብልጥ አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ሃርድነር ከ1 በመቶ በታች ሲወርድ ሬዚኑ የጠነከረ ይመስላል እንጂ እስከ ውስጡ አይያያዝም። ከወር በኋላም በጥፍር ይጫራል፣ ይሸታል። ጊዜ የሚገኘው ሃርድነር በመቀነስ አይደለም፣ ሙቀት በመቀነስ ነው።

ሙቀት እንዴት ይቀነሳል? አቦ፣ ኤሲ ግዙ አልላችሁም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የድሬ ምርጥ ሰዓት ነው፣ ለሰውም ለሬዚንም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ሰው ጥላ ሲይዝ፣ እናንተም ሬዚኑን ተዉት። አባቶቻችን በሙቀት ሰዓት አንሠራም ያሉት ሰነፍ ሆነው አይደለም። ጀሪካኑን ጥላ ውስጥ አስቀምጡና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሉት፣ ክዳኑ ግን በደንብ ይከደን፣ ውሃ ጠብታ እንዳይገባ። የኛ አየር ደረቅ ስለሆነ ጆንያው ጥሩ አድርጎ ያቀዘቅዛል። ሬዚኑን በትንሽ በትንሹ በጥብጡ፣ 200 ወይም 300 ግራም። ጠባብና ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ሳይሆን ዝርግ ሳህን ውስጥ አድርጉት፤ ሙቀቱ መውጫ ያገኛል። ሞልዱን ደግሞ ፀሐይ አታስመቱት። ጥቁር ሞልድ የድሬ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየ እጅ አያስነካም፤ በዚያ ላይ ጄልኮት የሚባለውን የመጀመሪያ ቅብ መቀባት የጋለ ምጣድ ላይ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልመን። ሥራው ከጠነከረ በኋላ ሙቀት ወዳጅ ነው። ዕቃው ሞልዱ ውስጥ እንዳለ፣ ከቀናት በኋላ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ቢቆይ የቀረውን ይጨርሳል። ወንድማችን ፀሐይን ያመጣት በሰዓቷ አይደለም እንጂ ጨርሶ አልተሳሳተም።

ሐረር ያላችሁ ደግሞ የኔን ቁጥር እንዳለ እንዳትወስዱት። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ እናንተ ጋ የሚደርስ ሰው ሹራብ ይፈልጋል። ርቀቱ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆንም ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላችኋል። እዚያ ጠዋት ላይ 1 በመቶ ብታደርጉ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። 1 ነጥብ 5 ወይም 2 አድርጉ፣ የምትሠሩትም ረፋድ ላይ ይሁን። አንድ ጽሑፍ ለሁሉ ከተማ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ጄልኮትን የሚበድልበት ሌላ መንገድም አለ። ጄልኮት ማለት ሞልዱ ላይ መጀመሪያ የሚቀባው ወፍራም ፊት ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ጽሑፉ «ስስ አድርጋችሁ አንዴ ቀቡ» ይላል። ስስ ከሆነ ከመጠንከሩ በፊት ውስጡ ያለው ስታይሪን የሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ በኛ ሙቀት ተንኖ ያልቃል። ያላለቀ ጄልኮት ላይ ሬዚንና ማት (የመስታወት ክር ምንጣፍ) ስታሳርፉ ከሥር ያብጥና ይጨማደዳል። ፊቱ የአዞ ቆዳ ይሆናል። ያን ጊዜ መድኃኒት የለውም፣ ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ሁለት ጊዜ ቀቡ። ሁለተኛው የሚቀባው የመጀመሪያው ቅብ ጣት ሲነካው እየተጣበቀ ግን ጣት ላይ የማይመጣ ሲሆን ነው። ማቱም የሚያርፈው በዚሁ ምልክት ነው። ከሰዓት ይልቅ ጣታችሁን እመኑ።

አሁን የደነገጥኩበት።

«አቧራ እንዳያርፍበት በርና መስኮት ዝጉ፣ ማስክ አድርጉ»። በፍጹም! የሚሸተው ስታይሪን ነው። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ማስክ ለአቧራ እንጂ ለትነት አይሆንም። የካርቦን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል፤ እሱም ኖሮ የሚሠራው ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ይህ ለጤና። ከዚህ የባሰው እሳቱ ነው። ስታይሪን በአየር ውስጥ እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት ማውጣት የሚጀምረው 31 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቤት ውስጥ 31 ዲግሪ አይደረስም። ድሬ ላይ ግን ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ብዙ ቀን አልፈነዋል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርድና መሬት ለመሬት ይሄዳል። መሬት ላይ ምን አለ? የቡና ምድጃ። ከሰል። ዕጣን። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሬዚን ተከፍቶ በሚቀጥለው ክፍል ቡና የሚፈላበት ቤት ስንት ነው? አቦ፣ ሁላችንም ቤት ነው። ብሩሽ የሚታጠብበት አሴቶን ደግሞ ለእሳት ከስታይሪንም የባሰ ፈጣን ነው።

ስለዚህ ግቢ ውስጥ፣ ዳስ ሥር፣ ነፋስ ባለበት። ጄልኮት ላይ የሚያርፈውን ትንሽ አቧራ ቻሉት። የተረፈውን ሬዚን በኩባያ ውስጥ እንዳለ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉ፤ እዚያ ውስጥ ይግላል፣ ወረቀት ካገኘ ያነዳል። አሸዋ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ሲቀዘቅዝ አንሱት።

ሃርድነሩም ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። መነጽር አድርጉ። ከገባ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ጽሑፉ ውስጥ ሌላም መስመር አለ፦ «ሬዚኑ አልጠነክር ካለ ሃርድነሩ ላይ ኮባልት ጠብ አድርጉበት»። ይህን የጻፈ ሰው ሠርቶት እንደማያውቅ ያወቅሁት እዚህ ጋ ነው። ኮባልት የሚባለው ሐምራዊ ማፋጠኛ ከሃርድነር ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘ ይፈነዳል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሬዚን ኮባልቱ ገብቶበት ነው የሚመጣው፤ ስትገዙ ጠይቁ። ካልገባበት መጀመሪያ ኮባልቱ ሬዚኑ ውስጥ ለብቻው በደንብ ይማሰላል፣ ሃርድነር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች አንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ አላስቀምጣቸውም።

ወደሚያስቀው እንሂድ።

ነጩ ፎም። ቀላል ነው፣ በቢላ ይቀረጻል፣ በነጻ ይገኛል። ችግሩ ፎሙ ራሱ ከስታይሪን የተሠራ መሆኑ ነው። ፖሊስተር ሬዚን ስትቀቡበት ፎሙ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚገባው ይገባል። ቁራጭ ፎም ወስዳችሁ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ሬዚን ጣሉበትና ተመልከቱ። ጉድጓድ ይቆፍራል። ጽሑፉ ላይ ያለው ፎቶ ፎሙን ነው የሚያሳየው፤ ከሬዚን በኋላ ያለው ፎቶ የለም። ለምን እንደሌለ ገመትኩ።

እኔ የምጠቀመው ጀሶ ነው። ኮርኒስ የሚሠሩ ልጆች የሚያቦኩት ያው ጀሶ። ከውስጥ እንጨትና ሽቦ፣ ከላይ ጀሶ፣ ከዚያ የመኪና ስቱኮ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። ፎሙንም ቢሆን ከውስጥ ሙሊት አድርጋችሁ ጀሶውን ከላይ ማልበስ ይቻላል። ግን ጀሶው ይድረቅ። እርጥብ ጀሶ ሬዚን አያጠነክርም። እዚህ ላይ የድሬ አየር በእውነት እድል ነው፤ በጥቂት ቀን ያደርቀዋል። ሲደርቅ ቀዳዳውን በቫርኒሽ ወይም በቀለም ድፈኑት፣ ከዚያ በውሃ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 400፣ 800፣ 1200 እያላችሁ እስኪያበራ። ከጠቅላላ ሥራው ግማሽ በላይ ይህ ነው። መስታወት እስኪመስል ማሸት። ጽሑፉ ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶታል። እኔ ለአንድ የባጃጅ የፊት ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ሞዴል ሦስት ቀን ሰጥቼዋለሁ፣ ትከሻዬ ይመስክር።

ቫዝሊንና የተቃጠለ ዘይት። ቫዝሊን ያላቅቃል፣ ውሸት አይደለም። ግን ጣታችሁና ብሩሻችሁ የሄደበት መስመር ሁሉ ሞልዱ ላይ ይታተማል። ዘይቱ ደግሞ ጄልኮቱን ገፍቶ ዓይን ዓይን ያስወጣበታል። የሚሠራው ሰም ነው፦ ካርናባ የሚባለው የዘንባባ ሰም ያለው፣ ሲሊኮን የሌለው ደረቅ ሰም። ሲሊኮን ያለበት የመኪና ፖሊሽ ኋላ ቀለም ላይም ይበድላችኋል። ለአዲስ ሞልድ አምስት ስድስት ጊዜ ቀቡ፣ በየመሃሉ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉ። ከላዩ ፒቪኤ የሚባለውን ፈሳሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ሲደርቅ እንደ ፌስታል ስስ ሽፋን ይሆናል፣ በኋላ በውሃ ይታጠባል። አንድ አደራ አለኝ። ነጩ የእንጨት ኮላም ፒቪኤ ይባላል። ስማቸው በምህጻረ ቃል አንድ ነው፣ ሥራቸው ተቃራኒ ነው። አንዱ ያላቅቃል፣ አንዱ ያጣብቃል። ሱቅ ሄዳችሁ «ፒቪኤ ስጠኝ» ካላችሁ የሚሰጣችሁ ኮላውን ነው።

«ከማንኛውም ኦርጅናል ዕቃ ላይ አንድ ወጥ ሞልድ ይወጣል» ስለሚለው። ጎረቤታችን የነበሩ፣ ምድር ባቡር በእንጨት ሥራ ያረጁ አንድ ጋሼ ነበሩ። አንድ ቀን ሥራዬን ቆመው አዩና ሁለት ባልዲ አስመጡኝ። አንዱን አንዱ ውስጥ ከተቱና «አውጣው» አሉኝ። ወጣ። «ለምን ወጣ?» አሉኝ። «አፉ ስለሚሰፋ» አልኩ። «እንስራ ውስጥ ጀሶ ብትሞላስ?» አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም፣ ምክንያቱም እጄ ላይ የነበረው ሞልድ እንስራ ነበር። የፓራፋንጎው ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር፣ እኔ በአንድ ወጥ ሞልድ ሸፍኜዋለሁ። ሞልዱ ዕቃውን ነክሶ አለቅም አለ። በመጋዝ ነው የለየሁት። የሰው ዕቃ ነበር፣ ገዝቼ ተክቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «በየት በኩል ይወጣል?» ብዬ ነው። ጎኖቹ ቢያንስ 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ካለ ሞልዱ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይከፈላል። መክፈያው መስመር ላይ ግድግዳ ታቆማላችሁ፣ አንዱን ወገን ትሠራላችሁ፣ ሲጠነክር ግድግዳውን ታነሳላችሁ፣ ጠርዙን ሰም ትቀባላችሁ፣ ሁለተኛውን ወገን ትሠራላችሁ። ጠርዞቹ በብሎን ይታሰራሉ። ሹል ማዕዘንም አይኑር። ማት ሹል ቦታ ላይ አይታጠፍም፣ ይነሳና ከሥሩ አየር ይቀራል። በኋላ ያ ቦታ በጣት ሲጫኑት እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰበራል። ማዕዘኑን በስቱኮ ክብ አድርጉት።

«ማታ ከሞልዱ አላቁት» የሚለው ስለ ሞልዱ ራሱ ከሆነ ስህተት ነው። ፖሊስተር ሲጠነክር ይሰበሰባል፣ መሰብሰቡም በአንድ ቀን አያልቅም። ገና ለስላሳ ሳለ ከሞዴሉ የተላቀቀ ሞልድ እንደፈለገው ይጣመማል። እኔ ከአራት ቀን በታች አላነሳም። ማቱንም ስድስቱን ድርብ ባንድ ጊዜ አልደርብም፤ በተለይ በኛ ሙቀት ውፍረቱ ራሱን አግሎ የክሩን ቅርጽ ፊቱ ላይ ያወጣዋል። መጀመሪያ አንድ ስስ ድርብ፣ አየሩን በሮለር አስወጥቶ ማሳደር። በማግስቱ ሁለት። ከዚያ ሁለት። መጨረሻ ላይ የቀረውን አንድ። የሚደግፈው እንጨት ወይም ቱቦ ብረት የሚታሰረው ከጠነከረ በኋላ፣ ሞልዱ ገና ሞዴሉ ላይ እያለ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ እስቲ እናስላ። ዋጋ አልጠራም፣ ዛሬ የጠራሁት ነገ ይለወጣል። በክብደት እንሂድ። ዕቃችሁ ግማሽ ካሬ ሜትር ነው እንበል። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ማት ስድስት ድርብ ለሞልድ ብታደርጉ 1 ኪሎ ከ350 ግራም ማት ነው። ማት ከክብደቱ ሁለት እጥፍ በላይ ሬዚን ይጠጣል፤ 3 ኪሎ ገደማ። ዕቃው ራሱ ግን ሁለት ድርብ ይበቃዋል፦ 450 ግራም ማትና 1 ኪሎ ሬዚን። ሞልዱ ብቻውን የሦስት ዕቃ ቁስ በላ ማለት ነው። ጀሶው፣ ሰሙ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ፣ የናንተ ቀናት ገና አልተቆጠሩም። አንድ ዕቃ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ግዙት፣ ወይ የተሰበረውን ጠግኑት። አሥር ባጃጅ ያለው ሰው፣ ወይም ዕቃው ገበያ ላይ ጨርሶ የሌለ ሰው፣ እሱ ሞልድ ያውጣ።

ለዚህ ነው ሐረሮች ደንበኞቼ የሆኑት። የሐረር ፔጆ 404 ታክሲ የሚያውቅ ያውቀዋል። አውቶሞቢሉ ፈረንሳይ ውስጥ መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ እነሱ ግን ሰው ሲጭኑበት ኖረዋል። ፀሐይ የሰነጠቀው የክሩስኮት (የዳሽቦርድ) ሽፋን ከየት ይገዛል? አይገዛም። እዚያ ጋ ፋይበር ዋጋ አለው።

«ከብረት ይጠነክራል»? አቦ ተዉ። ፋይበር አይዝግም፣ ክብደቱ የብረት አምስተኛ ገደማ ነው፣ ሲሰበር ራሳችሁ ትጠግኑታላችሁ። ይህ በቂ ምስጋና ነው። በእኩል ውፍረት ግን ብረት ላለመታጠፍ በእጅ ከሚሠራ የማት ፋይበር ከ25 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ክሩስኮት፣ ፓራፋንጎ ሥሩ። የወንበር መያዣ፣ መሪ፣ ፍሬን አካባቢ ያለ ነገር አትሥሩ። «ቀለም አያስፈልገውም» የሚለውንም ለድሬ ፀሐይ አትንገሩት። ጄልኮት ወይም ቀለም የሌለው ፋይበር ይቢጫል፣ ክሩ ይወጣል፣ የነካው ሁሉ ሲያክ ይውላል። ከሥራ በኋላ ካሳከካችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ በሙቅ አይደለም። ረጅም እጅጌ ልበሱ። በ35 ዲግሪ ረጅም እጅጌ፣ አዎ።

አሁን ዳሱ ሥር የአንድ 404 የክሩስኮት ሽፋን ሞዴል ተቀምጧል። አራተኛውን ሰም ዛሬ ቀብቼዋለሁ፣ ሁለት ይቀረኛል። ጄልኮቱ ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ወንድማችን ድሬ ብቅ ካለ ግቢው ክፍት ነው፤ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ በወዲያኛው በኩል። ያን የግንቦቱን ሃይላንድም አሳየዋለሁ። ውስጡ የቀረው ቢጫ ጉብታ እስካሁን አለ፣ የዳሱ በር በነፋስ እንዳይዘጋ መደገፊያ አድርጌዋለሁ።